የመጨረሻው ፓኬት

ማክሰኞ ጠዋት፣ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ስንዱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ጤና ጣቢያ ደረሰች። ሦስት ሴቶች ወልዳለች፤ ለአራተኛ ጉልበት የላትም። መርፌው ራሷን ያዞራታል፤ ባሏ ኮንዶም ሲባል ይቆጣል፤ አማቷ ደግሞ ጠዋት ማታ "ወንድ የልጅ ልጅ ሳላቅፍ ልሙት?" እያሉ ይነዘንዟታል። የከተማው ፋርማሲዎች የሴት ኮንዶም ብትላቸው ስቀው ሸኟት።

"ሲስተር፣ ያ ሴቷ ራሷ የምታደርገው አለ?" አለች በሹክሹክታ።

"ምነው ቀደም ብለሽ በመጣሽ! የመጨረሻውን ፓኬት አሁን ለእኚህ እናት ሰጠኋቸው።"

ጋቢ የተከናነቡ ሴትዮ ሹልክ ብለው ሊወጡ ሲሉ ከስንዱ ጋር ተላተሙና ጋቢው ከፊታቸው ወረደ።

"እትዬ የሺመቤት!"

"ምን ያስጮህሻል?" አሉ አማቷ፣ ፓኬቱን ጉያቸው እየሸጎጡ። "በአርባ ሦስት ዓመቴ ለባልሽ ታናሽ ወንድም ልውለድለት?"

ስንዱ ሳቋ አምልጧት ግድግዳውን ተደገፈች። አማቷ ግራ ቀኝ አዩና ፓኬቱን ከፍተው ግማሹን አስጨበጧት።

"ለልጄ ትንፍሽ ትዪና!"

"እርስዎም ለልጅዎ!"

ስንዱ አራተኛ አልወለደችም። እትዬ የሺመቤት አምና ሲያርፉ፣ ከገዛ ልጆቻቸው ይልቅ አምርራ ያለቀሰችው እሷ ነበረች።