«በሥርዓት ተናገሪ» የተባሉት እናት

«እትዬ ጤናዬ፣ እኔ እኚህን ሴትዮ ወደዚያ ክፍል አልገፋም!»

ረዳት ነርሷ ሙሚና የዊልቸሩን እጀታ ለቃ ኮሪደሩ መሃል ቆመች...

የፈረቃው ኃላፊ ነርስ ጤናዬ ዞር ዞር ብላ አየች። ሰው እየሰማ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን ትፈልጊዋለሽ አትፈልጊውም? ዶክተሩ ወስኗል። ልጃቸው ሳይን አድርጓል። አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2009፣ አውሮራ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ አንድ የአረጋውያን ማገገሚያ ነው።

ዊልቸሩ ላይ ያሉት ወይዘሮ ሊን የታይዋን ሰው ናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነው የመጡት። ሲሻላቸው ወደ ልጃቸው ቤት ይመለሳሉ ተብሎ ነበር።

ግን ዶክተሩ በስልክ ባገኛት የማንዳሪን (የይፋዊው ቻይንኛ) አስተርጓሚ በኩል ሲጠይቃቸው የሚመልሱት ለማንም አልገባም።

አስተርጓሚዋም «ምን እንደሚሉ አላውቅም» አለች።

ልጃቸው ዴቪድ አለቀሰ። «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከእኔ ጋር የምታወራው ማንዳሪን ነበር። አሁን ጠፍቶባት ወደ ልጅነቷ ቋንቋ ተመልሳለች። እኔ ደግሞ አልችለውም፣ ስሙን እንኳ ነግራኝ አታውቅም።»

ዶክተሩ «የመርሳት በሽታ ነው» አለ... አለቀ!

የዚያ በሽታ ክፍል በሩ በኮድ ነው የሚቆለፈው። እዚያ የገባ ሰው ቤቱን ዳግም አያይም።

ሙሚና ደግሞ እልኸኛ ናት።

«እትዬ፣ እኚህ ሴትዮ የሌላ ሰው የምግብ ትሪ ከመጣላቸው ይመልሱታል። ዜና ሲያልቅ ቻናል ይቀይራሉ። ምኑን ነው የረሱት? የሚሰማቸው ሰው ላምጣ፣ አንድ ቀን ስጡኝ!»

ጤናዬ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ደክሟት ነው። «እስከ ነገ ከሰዓት። ከዚያ በኋላ አላውቅሽም» አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሙሚና ከሰፈሯ የቻይና ቡፌ ምግብ አብሳዩን እየጎተተች መጣች። ሰውዬው የፉጆ ከተማ ልጅ ነው። ወይዘሮ ሊንን አዳመጠ... አዳመጠ... ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ የእኔ አይደለም» ብሎ ወደ ሩዙ ተመለሰ።

ቻይንኛ አንድ ቋንቋ እንዳይመስላችሁ!

ሚን የሚባል የቋንቋ ቤተሰብ አለ። ሰውዬውም ሚን ነው የሚናገረው፣ ሴትዮዋም ሚን። ግን የፉጆውና የታይዋኑ... አማርኛና ትግርኛ በሉት። ዘመድ ናቸው፣ አይግባቡም።

ሠራተኛው የሚያርፍበት ብሬክ ሩም ውስጥ ሙሚና መሳቂያ ሆነች። ሐበሻ የሥራ ባልደረባ ሲስቅባችሁ ደግሞ ታውቁታላችሁ...

ቀኑ ጁምዓ ነበር። መስጊድ ሄደች። በሴቶቹ በኩል አጠገቧ የምትሰግድ አይሻ የምትባል የማሌዥያ ቻይናዊት አለች፣ ከሰለመች ቆይታለች። ሙሚና በብስጭት ነገሩን ዘረገፈችላት።

«ከታይዋን?» አለች አይሻ። «ሆኪየን ይሆናላ! ሆኪየን እኮ ከሚን አንዱ ነው። እኛም ፔናንግ ቤታችን የምናወራው እሱን ነው። ትንሽ ይለያያል እንጂ እንሰማማለን።»

ጫማቸውን በቅጡ ሳያደርጉ በረሩ።

አይሻ ዝቅ ብላ ወይዘሮ ሊንን ሰላም ስትላቸው... ሴትዮዋ ፊታቸው በራ! ዶክተሩም ተጠርቶ መጣ፣ የጠየቃቸውን ሁሉ መለሱ። ቀኑን፣ ወሩን፣ ፕሬዚዳንቱን... ክራባቱ ላይ ሾርባ እንደተንጠባጠበበት ጭምር ነገሩት።

ሙሚና ዘለለች። «አላልኳችሁም? የተሳሳተ አስተርጓሚ ነው ያመጣችሁባቸው!»

ይሄ ሲተረጎምላቸው ወይዘሮ ሊን ሳቁ።

«ልጄ፣ አንቺም ተሳስተሻል። በስልኩ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ማንዳሪን ከዚያች አስተርጓሚ አላንስም።»

ሙሚና ጠጋ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ታዲያ ለምን አልመለሱም?!»

«ልጅ ሳለሁ፣ ማንዳሪን ብቻ በሚፈቀድበት ትምህርት ቤት በእናቴ ቋንቋ ስናገር ተገኝቼ፣ አንገቴ ላይ ሰሌዳ አንጠልጥለው ተማሪ ፊት አቆሙኝ። ልጄ እንደ እኔ እንዳያፍር ብዬ በማንዳሪን ብቻ አሳደግሁት። የወደቅሁ ቀን ሕመሙ ሲብስብኝ እናቴን ጠራኋት፣ በእሷው ቋንቋ። ልጄ ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹እማዬ፣ በሥርዓት ተናገሪ፣ ሰው ይሰማል!› ልክ እንደ አስተማሪዎቼ! ከዚያ በኋላ በሌላ ቋንቋ ትንፍሽ አልልም ብዬ ማልኩ። ከፈለጉ ይቆልፉብኝ!»

አይሻ ስትተረጉም ዴቪድ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። በማንዳሪን ይቅርታ ጠየቀ፣ ለመነ... እናትየው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ዶክተሩ ውሳኔውን ሰረዘ። ቤታቸው መግባት ይችላሉ።

«በቃ እማዬ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አለ ዴቪድ፣ አሁንም በማንዳሪን።

ወይዘሮ ሊን ለአይሻ ነገሯት። «በእናቴ ቋንቋ ይጠይቀኝ። ካልሆነ እዚሁ ነኝ።»

አይሻ «እማዬ፣ ወደ ቤት እንሂድ» የሚለውን በሆኪየን በጆሮው ነገረችው። ያ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ እየተኮላተፈ አለው...

«እንደገና!» አሉ እናቱ።

አለው።

«ዜማው ተበላሽቷል። እንደገና!»

ጤናዬ በአንድ እጇ እንባዋን እየጠረገች በሌላው አፏን ይዛ ትስቃለች። ዴቪድ ላብ በላብ ሆነ። ሲሳካለት ወይዘሮ ሊን እጃቸውን ዘረጉለት። እሱም ይዟቸው ወጣ።

ወዳጆቼ፣ ንግግሩ ስላልገባን ብቻ ሰውን «አእምሮውን ስቷል» አንበል!

ቋንቋችሁንም «ልጆቼ እንዳያፍሩ» ብላችሁ አትደብቁባቸው። የጨነቃችሁ ቀን የምትጮኹት በእሱ ነው፣ የሚሰማችሁ ልጅ ያስፈልጋችኋል። «በሥርዓት ተናገሩ» የሚላችሁ ከመጣ ደግሞ፣ የእኔ ሥርዓት ይሄ ነው በሉት!

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ወይዘሮ ሊን ልጃቸውን እንዲህ ማስለመናቸው ልክ ነበር? ወይስ ቋንቋውን ያላስተማሩት እሳቸው ስለሆኑ መጀመሪያ ይቅርታ መጠየቅ የነበረባቸው እሳቸው ናቸው? ፍርዳችሁን ኮመንት ላይ አስቀምጡ 👇