የረምላ እንጥል

የሚሌኒየሙ ዓመት ነበር። የተማሪዎቹ የጉሮሮ ምርመራ ውጤት መጣ ተብሎ ልጄ ረምላ ወደምትማርበት የፎንቆ ትምህርት ቤት ተጠራሁ።

«ጉሮሮዋ ላይ ቶንሲል የሚያመጣው ባክቴሪያ ተገኝቷል፤ እሷን ግን አላመማትም» አለኝ ወጣቱ ነርስ። «እንዲህ ተሸክመውት የሚኖሩ ልጆች ብዙ ናቸው፤ አይስጉ።» አጠገቡ የቆመችውን ልጄን አፏን አስከፍቶ በባትሪ አበራ። «ይኸው፣ አልቆሰለም። እንጥሏም ደህና ነው።»

«እንጥሏንማ በሕፃንነቷ አስቆርጫታለሁ» አልኩት።

ፈገግ አለ። «አልተቆረጠም፣ እናቴ። ይዩት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እንጥሉ እንዳለ ተንጠልጥሏል። ሲቆረጥ ጭንቅላቷን አጥብቄ የያዝኩት እኔ ነኝ። ቁራጩንም በገዛ እጄ እንሰቱ ሥር ቀብሬዋለሁ።

«ተመልሶ ይበቅላል እንዴ?»

«ኧረ አይበቅልም!» አለና መዝገቡ ላይ «ጤነኛ» ብሎ ጻፈ። «በሉ፣ ይዘዋት ይግቡ።»

ቀጣዩን ልጅ ጠራ።

ልጅቷ አፏን ገጠመችና እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘች። ቤት የረምላ ሁለት ታናናሾች አሉ፤ ከእሷ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ነው የሚተኙት። እጄን ላስለቅቅ ሞከርኩ። አለቀቀችኝም።

«እማ» አለችኝ በረምላ ድምፅ፣ «ቤታችን በየት በኩል ነው?»