ልብስ ሰፊዋ ቤቱን ስትለቅ

አከራይዋ ቧንቧውን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ደግማ ትከፍታለች። አይንጠባጠብም። ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች፤ መብራቱ ያለ ምንም ማንገራገር ይበራል። የመስኮቱን መስታወት አንድ በአንድ ታያለች፤ ጭረት እንኳ የለውም። ሌላ አከራይ ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እሷን ግን አናዷታል። አንድ ጥፋት ብታገኝ ትቆጣ ነበር፤ ተቆጥታም ትታረቅ ነበር፤ ስትታረቅ ደግሞ "በቃ ተይው፣ የትም አትሄጂም" ለማለት ይመቻት ነበር።

እውነቱን ለመናገር የመጣችው ቤት ልትረከብ አይደለም፤ ልብስ ሰፊዋን ልታስቀር ነው። ልጆቿ በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ፣ በግቢው ውስጥ ሰው መኖሩን የሚነግራት ከግድግዳው ወዲያ የሚመጣው የስፌት መኪና ድምፅ ብቻ ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ እንዳወራችላት ነው። "እንግዳ አታመጣ፣ ድምጿ አይሰማ፣ ስትሰፋ ውላ ስትሰፋ ታድራለች፤ እንዲህ ያለች ተከራይ ከየት ትገኛለች?"

"እስቲ ምን አጎደልኩብሽ?" ትላለች ቁምሳጥኑን ከፍታ እየዘጋች። "ውሃ ዘጋሁብሽ? ለምን አመሸሽ አልኩሽ?"

"ኧረ ምንም አላጎደሉብኝም እትዬ።" ልብስ ሰፊዋ ጥግ ላይ ከተጠቀለለው ፍራሽ አጠገብ ቆማለች። አከራይዋ ከገባች ጀምሮ ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አላለችም። "ከሰዓት ይመጣሉ ብዬ ነበር እኮ። እቃው እስኪወጣ ቤትዎ አረፍ ቢሉ አይሻልም? ቁልፉን እኔው አመጣልዎታለሁ።"

"ጭራሽ ከገዛ ቤቴ ታባርሪኝ!"

ለጨዋታ ነው ያለችው። ልብስ ሰፊዋ አትስቅም።

አከራይዋ የመጨረሻ ተስፋዋን ቁምሳጥኑ ላይ ትጥላለች። በትከሻዋ ገፋ ታደርገዋለች፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበቷ ድረስ በእርሳስ ተሞነጫጭሯል። እሰይ! "ይኸውልሽ! ቀለሙን አበላሽተሽ ልትሄጂ ነበር?" ትላለች፤ ደስታዋን መደበቅ እያቃታት። በደንብ ልታየው ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች ትንበረከካለች።

እግር ነው። ግድግዳው ሙሉ እግር። ከቁርጭምጭሚት በላይ የለውም፤ ከላይ በአንድ አግድም መስመር ተቆርጧል። ሁሉም ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ የግራው ጫማ ማሰሪያ ላይ ደግሞ ጥምዝምዝ ያለ ነገር አለ። አንዱ እግር ትንሽ ነው፣ ሌላው ከቁምሳጥኑ በልጦ ሊወጣ የደረሰ። አንደኛው ጥርስ አለው።

አንገቷን አዙራ የራሷን እግር ታያለች። የግራ ጫማዋ ማሰሪያ ሲበጠስባት በሽቦ የጠመዘዘችው እሷው ናት።

"ይሄ የኔ እግር አይደለም እንዴ?"

ልብስ ሰፊዋ ፍራሹን ይበልጥ ትጠጋለች።

"አንቺን እኮ ነው! ማነው እግሬን የሳለው?"

"ልጄ ነው እትዬ።"

"የምን ልጅ?"

"የኔ ልጅ። በበሩ ስር ባለው ክፍተት ነው የሚያይዎት።"

አከራይዋ ክው ትላለች። ልጅ? እዚህ? በአንድ ግድግዳ ተለያይተው? ጣሪያ ላይ ድመት ስታልፍ ከእንቅልፏ የምትነቃ ሴት!

"መቼ መጣ?"

"አብሮኝ ነው የገባው። ያኔ ገና መራመድ መጀመሩ ነበር።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ? ሲያለቅስስ? ሲያስለውስ?"

ልብስ ሰፊዋ ወደ ስፌት መኪናዋ ታያለች። "መኪናዋን እረግጣታለሁ። ጨርቅም ክርም ሳይኖራት ዝም ብዬ እረግጣታለሁ። ኋላ ላይ ማልቀሱንም ተወው። እርስዎ እሁድ እሁድ ሲወጡ ፀሐይ አሳየዋለሁ።"

አከራይዋ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች። አልጋዋ ላይ ተጋድማ "ወይ ትጋት!" እያለች ያደነቀችው ያ ሁሉ ሌሊት ይመጣባታል። ልጁ ታሞ ነበር ማለት ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም? እኔ አውሬ ነኝ?"

"ቤቱን ያሳዩኝ ዕለት 'ልጅ ያለው አላስገባም' አሉኝ።"

"እኔ?"

"እርስዎ።"

ታስባለች፤ አታስታውሰውም። ብላ ይሆናል። አከራይ ሁሉ ይለዋል፤ የጎረቤት አከራይም ይለዋል። ሚስማር እንዳትመቺ፣ በሩን በኃይል እንዳትዘጊ፣ ልጅ ያለው አላስገባም፤ በአንድ ትንፋሽ የሚባል ነገር ነው። እሷ ተናግራ ቤቷ ገባች፣ ወጧን ሠራች፣ ረሳችው። እነሱ ኖሩበት። የልጅ ድምፅ ናፍቋት ስንት ቀን በር ላይ ተቀምጣ የመንገዱን ልጆች ስታይ ውላለች!

"ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው" ትላለች ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ። "ተማሪ ደግሞ አይደበቅም። የምለቀው ለዚያ ነው።"

"የት አለ?"

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ትልና የፍራሹን ጫፍ ገለጥ ታደርገዋለች። "ና ውጣ የኔ ጌታ።"

ልጁ ይወጣል። ኮሽታ የለውም፤ ከረገጠው ወለል ላይ እንኳ ድምፅ አይነሳም። አከራይዋ ልትነሳ ትልና እግሯን ዘርግታ ወለሉ ላይ ዘፍ ትላለች። ልጁ ነጠላ ጫማዎቹን ያያል። ደንግጦ የእናቱን ቀሚስ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል።

ዓይኑ እዚያው ጫማዎቹ ላይ ጥቂት ይቆያል። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ በጉልበቷ፣ በሆዷ፣ በአንገቷ አድርጎ ይመጣና ይቆማል። አከራይዋ ምን ዓይነት ፊት እንደምታሳየው ግራ ይገባታል። እንባዋ መውረዱንም አላወቀችም።

ልጁ እናቱን ወደ ታች ይጎትትና፣ ጆሮዋ ስር ገብቶ፣ በለመደው ሹክሹክታ ይጠይቃታል።

"እማዬ፣ ፊትም አላት እንዴ?"