እግር የሚይዝ ሰው

ሕጉ አጭር ነው። የማሽን መመሪያ መርምሮ «የጎደለው የለም» ብሎ የፈረመ ሰው፣ ማሽኑ መጀመሪያ ሲሠራ አብሮት ይሠራል።

እኔ የፈረምኩት በግ ለሚያርደው የብረት ክንድ ነበር። ክንዱ ከመመሪያው ውጭ የሚያውቀው ነገር የለም። «በጉን ያርዳል፣ እግሮቹን ይቆርጣል፣ ቆዳውን ይገፍፋል» ይላል መመሪያው። ደጋግሜ አንብቤ እንከን አላገኘሁበትም።

የሙከራው ቀን፣ ልጅ ሆኜ ለአባቴ እንደማደርገው ጎንበስ ብዬ የበጉን እግሮች ያዝኩ። ቢላው አንገቱን ሲቆርጥ ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። በጉ ሲንፈራገጥ ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩት። ክንዱ ወደ እግሮቹ ዞረና ከነቀኝ እጄ ጣቶች ቆረጣቸው። ቀጥሎ ቆዳ ሊገፍፍ ክንዴን ሲሰነጥቀው፣ ባልደረባዬ ደመላሽ ሶኬቱን ነቀለው።

«እግር የሚይዝ ሰው እንዳለ አልተጻፈም» አለኝ፣ እጄን በሸሚዙ እያሰረ።

«ማን ይጽፈዋል? ይህን የማያውቅ አለ?» አልኩት።

ሆስፒታል ተኝቼ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጨመርኩ፤ «የያዘው ሰው እጁን ሳያነሳ እግር አይቆረጥም።»

ዘንድሮ ለበዓል፣ ሰሞኑን ሰፈራችን የገቡት ጋሽ ዘርጋው ክንዱን ተከራዩ። እኔም እንኳን አደረሳችሁ ልል ሄድኩ። ክንዱ በጉን አርዶ ቀጥ አለ።

«እባክዎ እጅዎን ያንሱ» አላቸው ክንዱ በተገጠመለት ድምፅ።

ጋሽ ዘርጋው እግሮቹን እንደያዙ ተበሳጩ። «ምን ያጨቃጭቀኛል? ይህን የጻፈ እጁ ይቆረጥ።»

በግራ እጄ ነጠላዬን ቀኙ ላይ ሳብ አደረግኩ።

«ይልቀቁት፣ ጋሼ» አልኳቸው።