ጥድ የማያውቀው ፕሮግራም

የደን ልማት ኃላፊው በነፃ የተገኘ ነገር ሁሉ ውሃ አያነሳም ባይ ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ እማዋይሽ ከስድስት ዓመት በፊት እሱ ጥድ አስተከልኩበት ያለው ተራራ ባዶ መሆኑን በኮምፒውተሯ ስታሳይ፣ ጉዳዩን ሊያጣሩ ወደመጡት ተቆጣጣሪዎች ዞሮ ሳቀ።

«ከኢንተርኔት በነፃ ባወረደችው ፕሮግራም እኮ ነው! ማንም ሥራ ፈት እየገባ የሚነካካው!»

«ሳተላይቱ ዓይናችን የማይለየውን ብርሃን ያነሳል፤ ፕሮግራሙ በዚያ ዛፉን በዓይነቱ ይለያል» አለች። «ኮዱ ክፍት ስለሆነም የአገራችንን ጥድ ራሴ አስተማርኩት።»

«አንቺ ደግሞ አስተማሪ ሆንሽና! እስቲ ተማሪሽ ይፈተን።» ስልኩን አውጥቶ የአንድ ቦታ መገኛ ቁጥሮችን አነበበላት። «የራሴ እርሻ ነው፤ ምን እንደተተከለበት ከእኔ ወዲያ አዋቂ የለም። ይኼ ቡትቶሽ ሣር ነው እንደሚል አልጠራጠርም!»

እማዋይሽ ቁጥሮቹን አስገባች። እርሻው በኮምፒውተሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆነ።

«ጥድ ነው» አለች። «የዛሬ ስድስት ዓመት ግን ምንም አልነበረበትም።»

«ጎሽ!» አለ ኃላፊው ሳያስበው። «አወቀው እንዴ?»

አንጋፋው ተቆጣጣሪ ማስታወሻቸውን ገለጡ።

«ቅድም የማን እርሻ ነው ያሉን?»