የወንፈል ፈቃድ

«ሴት ልጅ ስሟን መጻፍ ከቻለች ይበቃታል» ብለው ነበር አባቷ፣ ደብሬን ከአራተኛ ክፍል ሲያስወጧት።

አሁን እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር ነው ቤቷ። ባሏ ጀምበሩ ሮሽ ሃዓይን ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ኮምፒውተር ይገጣጥማል። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ከጓደኛው ከታከለ ጋር ስክሪን ፊት ይተከላል። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ሲስተም በነፃ ይሠራሉ፤ እነ ጀምበሩም ገብተውበታል። ጭቅጭቁ ሲስተሙን ማን እንዴት ይጠቀምበት በሚለው ፈቃድ ላይ ነው። ጀምበሩ «የፈለገ ይውሰደው፣ ቢያሻው ቆልፎ ይሽጠው» ባይ ነው። ሻሃር የምትባል አንዲት ሴት ግን በጽሑፍ ትሞግተዋለች።

«ዛሬስ ምን አለችህ?» አለ ታከለ።

«የወሰደ ሰው ያሻሻለውን መልሶ ለሁሉም ይስጥ ትላለች። ቁርጥ ወንፈል በለው። ዛሬ እኔ ማሳ ከሠራህ ነገ አንተ ማሳ እሠራለሁ።» ጀምበሩ ሳቀ። «ዕብራይስጧ አጭር አጭር ነው፣ ሥራ እንደሚበዛበት ሰው። ጭንቅላት ያላት ሴት ናት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ተይዘሃል።»

ደብሬ ልጇን እያጎረሰች ሰማች። እሷን አንድ ቀን እንዲህ ብሏት አያውቅም።

«ይኸ ፈቃድ የምትሉት ምንድን ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«ተይው ደብርዬ፣ አይገባሽም።»

«ባል ቢኖራትስ?» አለ ታከለ።

«ልጅ እንዳላት ጽፋልኛለች። ከሕፃናት ማቆያ ልታወጣው ስትቸኩል ነው ሁልጊዜ የምታቋርጠው።»

የሻሃር ልጅ ከማቆያ የሚወጣበትን ሰዓት ማወቁ ደብሬን አንገበገባት። የገዛ ልጁን መቼ አውጥቶት ያውቃል?

ማክሰኞ ዕለት ጀምበሩ ነጭ ሸሚዙን ይዞ መጣ። «ተኩሺልኝ። እሺ ካለች ሐሙስ ሻሃርን ጊቫት ሽሙኤል ከተማ ላገኛት ነው። ለሥራ ነው፣ በሰደር?»

«በሰደር፣ እሺ» አለች። ኮሌታውን ደጋግማ ተኮሰችው።

በማግስቱ ልጇን ማቆያ አደረሰችና የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ወደ ማትናስ፣ ወደ ሰፈሩ ማዕከል ሄደች። ሻሃር የምትጽፈው ከዚያ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋን እማማ እንጉዳይን በሩ ላይ ወለል ሲወለውሉ አገኘቻቸው።

«ምነው ዛሬስ እንዲህ አምሮብሻል?» አሏት።

«አንዲት ሴት ከቤቴ ላስወጣ ነው፣ እማማ።»

«በርቺ ልጄ» አሉና መንገድ ለቀቁላት።

ደብሬ ዕብራይስጥና ኮምፒውተር በተማረችበት ጥግ፣ ከለመደችው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች፤ «እሺ፣ ሐሙስ። ሸሚዝህ ተተኩሷል» ብላ ጻፈችና፣ ሁልጊዜ «ሻሃር» ብላ በምትፈርምበት ቦታ የራሷን ስም፣ «ደብሬ» ብላ ጻፈች።