አንድ ቃል ሳይጨመር

ሽማግሌው ንሲያ የወንድማቸው አርባ እስኪወጣ እንኳ አልታገሡም። ማምፖንግ ከተማ ያለውን የሟቹን ቤት ማድ ቤት ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና መበለቲቱን ጠሯት።

«በእኛ አገር ውርስ በእናት ወገን ነው፤ ቤቱ የእኔ የወንድሙ ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ ሰጥቶኛል ካልሽ ምስክሮቹ የታሉ? የምስጋናውን መጠጥስ ማን ጠጣው? ስጦታ የሚጸናው ሰጪው በምስክር ፊት በሚናገረው ቃልና ተቀባዩ በሚያቀርበው የምስጋና መጠጥ ነው እንጂ በእንባ አይደለም። እስከ ሰኞ ውጪ!»

እግዜር ያሳያችሁ፤ እኚህ ሟቹ አስተምሮ ያሳደጋቸው ታናሽ ወንድሙ ናቸው።

ቅዳሜ የሟች ልጅ አፍሪዬ ከኩማሲ መጣች። የፊልም ተማሪ ናት። ስለ ቤቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

«አጎቴ፣ ለመመረቂያ ፊልሜ ማስተዋወቂያ እየሠራሁ ነው። ቤቱን ለልጁ የሚሰጥ አባት ቸገረኝ። ኋላ ልጅቷ ትክደውና ትቀጣለች። እንደ እርስዎ ያለ ግርማ ሞገስ ከየት አመጣለሁ?»

መቀጣቷን ወደዱት። ግን ሞኝ አይደሉም።

«የዘንድሮ ኮምፒውተር ሰው ያላለውን ያስብላል አሉ። ያላልኩትን ብታስብዪኝ ወየውልሽ!»

ሦስት ሽማግሌ ጓደኞቻቸው ለአጃቢነት በሟቹ ቤት ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። አፍሪዬ ስልኳን እንጨት ላይ አቁማ ራሷ እንደ ልጅቷ ሆና ፊታቸው ቆመች። ንሲያ የተሰጣቸውን የፈጠራ ስም ሦስቴ ተሳሳቱ።

«ግድ የለም አጎቴ፣ ስሙን በኋላ በኮምፒውተር አስተካክለዋለሁ።»

«ድምፄን? በጭራሽ! በገዛ ስሜ እላታለሁ!» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ንሲያ፣ ይህንን ቤት ለልጄ ለአፍሪዬ ሰጥቻለሁ።»

አፍሪዬ ተንበርክካ አመሰገነችና አንድ ጠርሙስ የጂን መጠጥ አቀረበች። ንሲያ ጥቂቱን መሬት ላይ እያፈሰሱ የቀደሙ አያቶቻቸውን በየስማቸው ጠሩ።

ሽማግሌው ቦዋዱ ብርጭቆውን ይዘው አመነቱ። «አንተ ንሲያ፣ የሞተ ሰው ለጨዋታ ይጠራል እንዴ?»

«ፊልም እኮ ነው! ይልቅ ጠጣ!»

ጠጡ።

እሑድ ከሰዓት ማስተዋወቂያው ደረሰ። ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከበሮ ተጨምሮበታል፣ የፊልሙ ርዕስም በወርቃማ ፊደል ብቅ ይላል። ንሲያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አምስት ጊዜ ሰሙት። አንድ ቃል አልተጨመረም፣ አንድ ቃል አልተቀየረም። ደስ አላቸው፤ መልካቸውንም ወደዱት።

«ሙሉው ቀረጻስ?»

«እኔ ዘንድ ነው፣ እንዳለ ነው።»

«ጎሽ። እንዳትነኪው። ለእናትሽም ነገ ጠዋት መኪና እንደሚመጣ ንገሪያት፤ ዕቃዋን ትሸክፍ።»

«እነግራታለሁ» አለች አፍሪዬ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ንሲያ ግን አላዩትም።

ሰኞ ጠዋት አፍሪዬ ለምስክርነት የጠራቻቸው ሦስቱ ሽማግሌዎች በአገሩ አለቃ ሸንጎ ፊት ቆመው ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ፤ አያቶች የተጠሩበትን ነገር መካድ አልደፈሩምና፣ «አዎ፣ ንሲያ ቤቱን ለልጅቷ ሲሰጥ አይተናል፤ የምስጋናውንም መጠጥ ጠጥተናል» አሉ።